ላልተሠራ ጥፋት የጻፍኩት የይቅርታ ማመልከቻ

የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ታሪኩን ሰምታችሁ ስትጨርሱ እናንተም እንደምትፈርዱት፣ ባያምር ይሻለኝ ነበር።

አዲስ አበባ እያለሁ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ሕግ አልተማርኩም። ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ለክቡር ፍርድ ቤቱ» እያልኩ ስጽፍ ስለኖርኩ ሕግ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ለከፋበት ደንበኛ የማካፍላት አንዲት ብልሃትም ነበረችኝ። ምሕረት ስትለምን ጥፋትህን አታሳንሰው፣ አግዝፈው እለው ነበር። ዳኛ በሚከራከር ሰው ይናደዳል፤ «አጥፍቻለሁ፣ እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ» ለሚል ግን ሆዱ ይባባል። ብልሃቷ ሁልጊዜ ትሠራ ነበር ብዬ እምላለሁ። ያልሠራችለት ደንበኛ ወህኒ ስለሚወርድ ተመልሶ መጥቶ አይነግረኝም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ካናዳ፣ ካልጋሪ ገባሁና ማርልቦሮ በሚባል ሰፈር አንድ ቤዝመንት ተከራየሁ። ሥራ ያስገቡኝ ጋሼ ደምሴ ናቸው። ሃምሳን የተሻገሩ፣ አገር ቤት የዱቄት ፋብሪካ መካኒክ የነበሩ ሰው ናቸው። ሥራው ከካልጋሪ በስተምሥራቅ በመኪና አንድ ሰዓት በምታስኬድ ትንሽ የገበሬ ከተማ፣ የከብት መኖ በሚፈጭ ወፍጮ ቤት ነበር። በእኔ አሮጌ መኪና ሁለታችን በየጠዋቱ እንመላለሳለን።

ከተማዋ አንድ የእህል ጎተራ፣ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ አንድ ሆኪ መጫወቻና አንድ ፖስታ ቤት አላት። የወፍጮው ባለቤት ሚስተር ሃንሰን ይባላል። የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋው አለቃ እሱ ነው። ድንጋይ በበረዶ ላይ የሚያንሸራትቱበት የከርሊንግ ክለብ ሊቀመንበርም እሱ ነው። ፖስታ ቤቷን የምትጠብቀው እህቱ ናት። እዚያ ከተማ ከአለቃህ ከተጣላህ ደብዳቤህም ይዘገይ ይሆናል ብዬ እሰጋ ስለነበር፣ ሃንሰን ሲያስነጥስ እንኳን «ይማርህ» የምለው እኔ ነበርኩ። ለነገሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ቸኩሎ የሚኖር ሰው ነበር።

ጋሼ ደምሴ ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን ካዩ አራት ዓመት አልፏቸዋል። የስፖንሰር ፎርሙን በዚህችው በምታምረው እጄ የሞላሁላቸው እኔ ነኝ። ጉዳዩ ተጓትቶ ተጓትቶ በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ ኢሚግሬሽን ከአሠሪያቸው የተጻፈ፣ አሁንም ሥራ ላይ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ በወሩ መጨረሻ እንዲያስገቡ ጠየቃቸው። ሦስት ሳምንት ነበራቸው። እኔ ያንን ሦስት ሳምንት እንዴት አድርጌ እንዳመስኩት ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ የተነሣው ዓርብ ጠዋት ነው። ወፍጮ ቤቱ ወለል ሥር የጭነት መኪና እህል የሚገለብጥበት ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ ሥር ኦገር የሚሉት ረጅም ጠመዝማዛ ብረት እየዞረ እህሉን ይገፋል። ክረምት ላይ እህሉ ከበረዶ ጋር ተጋግሮ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ወርዶ መፈረካከስ አለበት። ደንቡ ማብሪያው በጓጉንቸር እንዲቆለፍና ቁልፉም የሚወርደው ሰው ኪስ ውስጥ እንዲሆን ነው። ጓጉንቸሩ ግን ከጠፋ ወራት ሆኖታል።

«ደምሴ፣ ውረድ» አለ ሃንሰን። «ማብሪያው ጋ እኔ እቆማለሁ።»

ጋሼ ደምሴ አካፋውን ግድግዳ ላይ አስደገፉት። «ኖ ኪይ፣ ኖ ጎ» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «መስፍን፣ በደንብ ንገረልኝ። ቁልፉ ኪሴ ካልገባ እኔ ጉድጓድ አልገባም። ዱቄት ፋብሪካ ሳለሁ ባልደረባዬን ማሽን እግሩን ሲበላው በዓይኔ አይቻለሁ። ጓጉንቸር ይግዛ፣ አሁኑኑ እወርዳለሁ በለው።»

እዚህ ላይ ታማኝ አስተርጓሚ ቢኖር ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። እኔ ግን የሃንሰን ፊት ሲቀላ አየሁና ነገሩን ላለዝበው አሰብኩ።

«ዛሬ ትንሽ ደክሞኛል ይላል» አልኩት።

ሃንሰን ሰዓቱን አየ። ውጭ ሁለት መኪና ተሰልፎ ይጠብቃል። «ከደከመው ቤቱ ሄዶ ይረፍ። ሰኞም እንዳይመጣ፣ ጨርሰናል።»

ያን ዕለት ኦገሩን ከላይ በረጅም ብረት እየወጋጉ እንደምንም አስነሱት። በመኪና ስንመለስ ጋሼ ደምሴ በመስኮት ሜዳውን ያዩ ነበር። ካልጋሪ ልንገባ ስንል፣ «አስካለን ምን ብዬ ነው የምነግራት?» አሉ። ከዚያ ከኪሳቸው ቁራጭ ወረቀት አወጡ። «ዳግ ይህን ስልክ ሰጥቶኛል።» ዳግ ሁለት ጣት የጎደለው፣ የከተማዋ ተወላጅ የሆነ ሽማግሌ ባልደረባችን ነው። «የመንግሥት ነው አለኝ። አደገኛ ሥራ አልሠራም ያለን ሰው ማባረር በሕግ ክልክል ነው ይላል። ግድግዳው ላይም ተለጥፏል አለኝ።»

እውነቱን ነበር። የምሳ ክፍላችን ግድግዳ ላይ የሠራተኛ መብት የሚዘረዝር ማስታወቂያ ነበር። በላዩ ላይ የከርሊንግ ጨዋታ ፕሮግራም ተለጥፎበት ስለነበር እኔ ሕግ አዋቂው በየቀኑ እዚያ ሥር ተቀምጬ ሳንድዊቼን ስበላ አንድም ቀን ገልጬ አላየሁትም።

«ጋሼ፣ በስመ አብ! አሠሪዎን ሊከሱ?» አልኳቸው። «እዚያ ከተማ ሁለተኛ እንገባለን? ይህ በሽምግልና የሚያልቅ ነገር ነው። ለኔ ይተዉልኝ።»

«ሽምግልና ያጠፋ ሰው ሲኖር ነው» አሉ። «እኔ ምን አጠፋሁ? ሰኞ ኮል አደርግላቸዋለሁ።»

አልተከራከርኳቸውም። በልቤ ግን እሑድ ብጨርሰውስ አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሽማግሌ ያዝኩ። አንደኛው አቶ መኮንን፣ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ ናቸው። ሁለተኛው አባባ ወልዴ፣ ከጃኬታቸው በላይ ጋቢ ሳይደርቡ የማይወጡ የሰባ ምናምን ዓመት አዛውንት ናቸው።

«ደምሴ ያውቃል?» አሉኝ አቶ መኮንን መኪና ውስጥ።

«እንዴታ» አልኩ። ዋሸሁ።

ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ነበር። የሃንሰን በረንዳ ላይ ሦስታችን ተሰልፈን ቆምን። ሽማግሌዎቹ ቆባቸውን አወለቁ፤ እኔም አወለቅኩ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ሸርሊ ናት። ከኋላዋ የፖም ኬክ ሽታ መጣ።

«ውይ፣ ግቡ ግቡ! ብርድ ነው!»

አባባ ወልዴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። «እሺ እስኪሉን አንገባም በላት።»

«አንገባም» ብዬ ተረጎምኩ። እዚህ ላይ ታማኝ ሆንኩ።

«እሺ ቡና ላምጣላችሁ?»

«አንጠጣም።»

ሸርሊ ፊቷ ተለዋወጠና ባሏን ጠራችው። ሃንሰን በካልሲ ወጣ። ራሳቸውን ገልጠው፣ አልገባም አልጠጣም ብለው በረንዳው ላይ የተገተሩ ሦስት ጥቁር ሰዎች አየና ከኋላችን መፈክር የያዘ ሰው እንዳለ ለማየት መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘ።

«ስትራይክ ነው?» አለኝ።

«የለም፣ የለም! አስታራቂዎች ናቸው።»

አቶ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። «ልጅዎ ደምሴ አጥፍቷል። አያጠፋም አንልም። ልጅ ያጠፋል፣ አባት ይምራል። እኛን ሽበታችንን አይተው ይማሩልን።»

መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ሲሄድ ያጠፋው ማነው ብሎ አይጣራም። «አጥፍቷል፣ ይማሩት» ይላል፤ ያኛውም ትንሽ ይግደረደርና «ለሽማግሌ ብዬ» ይላል። እርቁ ከወረደ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደነበረ ሁሉም በሆዱ ያውቀዋል። ሃንሰን ይህን ከየት ይወቀው? ደምሴን በሦስት ዓመት ቢበልጠው ነው፣ አባት ሆነ መባሉ ራሱ ግራ አጋብቶታል።

በዚህ መሃል አንድ ጎረቤት መኪናውን አቁሞ ያየን ጀመር። የአባባ ወልዴ ጆሮ ነጣ። ሸርሊ ከውስጥ ባሏን በክርኗ ጎሰመችው።

«ኦኬ! ኦኬ!» አለ ሃንሰን። «ይቅር ብዬዋለሁ! በእግዚአብሔር፣ ሽማግሌው ሳይሞቱብኝ ግቡ!»

ተረጎምኩ። ሽማግሌዎቹ እልል ማለት ቀራቸው። አባባ ወልዴ ሃንሰንን ትከሻውን ሳሙት፣ ዕድሜ ከጤና ተመኙለት፣ ዘር ማንዘሩን መረቁ። ገባን። ኬኩን ሁለት ሁለት ቁራጭ በላን። እኔ ሦስት በላሁ። ዛሬስ ጠበቃ ሆንኩ እያልኩ ነበር የምውጠው።

ሃንሰን ቡናውን አስቀመጠና፣ «ያላችሁትን በጽሑፍ ልታደርግልኝ ትችላለህ?» አለኝ።

ጽሑፍ! ለኔ! እስክሪብቶዬን መዘዝኩ። ጃንጥላዬ ሥር የተቀመጥኩ መሰለኝ። «ጉዳዩ፦ ምሕረት ስለመለመን» ብዬ በእንግሊዝኛ ጀመርኩ። «እኔ ደምሴ በዕለተ ዓርብ ከስንፍናና ከትዕቢት የተነሣ የአለቃዬን ትእዛዝ ጥሻለሁ። ጤናማ አእምሮ ያለው ሰው የማያደርገውን አድርጌያለሁ። የበላሁበትን ወጪት ሰብሬያለሁ።» እያገዘፍኩ፣ እያሳመርኩ አንድ ገጽ ሞላሁ። ከሥር «ስለ ደምሴ» ብዬ ፈረምኩ።

ሃንሰን አነበበና፣ «የትኛውን ሳህን ነው የሰበረው?» አለ።

«አባባል ነው» አልኩት።

ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ አስገባ። ስንወጣ ሸርሊ የተረፈውን ኬክ ጠቅልላ ሰጠችን። መንገድ ላይ አቶ መኮንን፣ «ከፈረንጅም ሰው አለ» እያሉ መጡ። እኔም ሰኞ ጋሼ ደምሴን በደስታ ላስደነግጣቸው አስቤ ያን ማታ ሳልደውልላቸው ቀረሁ።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ሃንሰንን ላመስግነው ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። «ደምሴ ታዲያ ነገ ይምጣ?» አልኩት።

«የት?» አለኝ።

«ሥራ። ይቅር ብለኸዋል እኮ።»

«ይቅር ብዬዋለሁ። ቂም የለኝም። ሥራው ግን ሌላ ነገር ነው።» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አንተ ጥሩ ሰው ነህ መስፍን። ጉድጓዱ ተዘግቷል፣ አካፋውን ውሰድ።»

እንግዲህ ፍረዱ። ሦስት ሰው ሆነን አልገባም አልጠጣም ብለን፣ አንድ ሰው ሥራው ላይ እንዲመለስ ለምነን፣ ያገኘነው የነፍስ ይቅርታ ነው። እሱን ደግሞ ቄስም ይሰጠናል።

አልገባም ማለት ነበረብኝ። ጋሼ ደምሴ በአራት እንግሊዝኛ ቃል ብለውታል። እኔ ከሳቸው የተሻለ እንግሊዝኛ እያለኝ «እሺ ጌታዬ» አልኩና ወረድኩ።

ጉድጓዱ ውስጥ እህሉ እስከ ጉልበቴ ደረሰ። በአካፋ ስፈረካክሰው የኦገሩ ብረት ከሥር ብቅ አለ። ሃንሰን ከላይ ማብሪያው ጋ ቆሟል። ከዚያ ቢሮ ውስጥ ስልክ ጮኸ። «አንድ ደቂቃ» ሲል ሰማሁት። እርምጃው ራቀ።

ወዲያው ሌላ እርምጃ መጣ። እህል ሊገለብጥ የመጣ ሾፌር ነው። ውስጥ ሰው መኖሩን በምን ይወቅ? ጓጉንቸር የለም፣ ምልክት የለም። ማብሪያውን ተጫነው።

ብረቱ ግማሽ ዙር ዞረ። ግማሽ ብቻ። የቀኝ ቦት ጫማዬን ተረከዙን ያዘና ወደ ታች ጎተተኝ። ጮኼ እንደሆነ አላስታውስም፤ የማውቃቸውን ቅዱሳን በሙሉ፣ ዝክራቸውን የተውኩባቸውን ሳይቀር፣ መጥራቴን አስታውሳለሁ። ከላይ የዳግ ድምፅ «አጥፋው! አጥፋው!» ሲል ተሰማ። ብረቱ ቆመ። ጫማዬ እዚያው ቀረ፣ እግሬ በካልሲ ወጣ። ዳግ በክንዴ ጎትቶ አወጣኝና ወለሉ ላይ አስቀመጠኝ። ጣቶቼን በካልሲው ላይ እየነካካ ቆጠራቸው።

ሃንሰን እየሮጠ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከልቡ ደንግጧል። «ደህና ነህ? መስፍን፣ ደህና ነህ?»

አሁን የምነግራችሁን ለልጆቼ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። እንዲህ አልኩት፤ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ጫማዬ ማሽንዎን አበላሸብዎት?»

ከሰዓት በኋላ አዲስ ቦት ጫማ ገዝቶ አመጣልኝና «ይህ በመካከላችን ይቅር» አለኝ። አመሰገንኩት።

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ጋሼ ደምሴ ማርልቦሮ ሞል እንገናኝ አሉኝ። ምግብ መሸጫው ጋ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሻይ እንኳን አላዘዙም። እንደተቀመጥኩ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«ትናንት ደውዬ ከስሼ፣ ዛሬ ዳውንታውን የመንግሥት ቢሮ ሄጄ ነበር። ሃንሰን በፋክስ የላከላቸው መልስ ይህ ነው ብለው ሰጡኝ። አስተርጓሚ አነበበልኝ። ጥፋቱን አምኗል፣ የተባረረው በስንፍና ነው ይላል።» ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ አሳረፉ። «መስፍን፣ ይህ የማን እጅ ነው?»

ላመልጥ ሞከርኩ። «ጋሼ፣ ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሽማግሌ ሲሄድ—»

«የማን እጅ ነው? የአስካለን ፎርም የሞላ እጅ አይደለም?»

«ነው።»

«ጤናማ አእምሮ የለውም ብለህ ጻፍክብኝ። አስተርጓሚዋ ልጅ አፍራ ዓይኔን ማየት አቃታት። እኔ በዕድሜዬ ሰነፍ ተብዬ አላውቅም።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከፍ ቢያደርጉት ይቀለኝ ነበር። «ነገ ከዚያ ቢሮ አንዲት ኢንስፔክተር ወፍጮ ቤቱ ትመጣለች። እውነቱን ትነግራታለህ?»

«ጋሼ፣ እኔም ሥራዬን… ሃንሰን ፊት ዋሽቼ ነበር ካልኩ—»

ወደ ታች አዩ። «ቦትህ አዲስ ነው» አሉ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ግማሽ ዙሩንም፣ ጫማውንም። ሳልጨርስ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብለው ቀኝ እግሬን ያዙ። በገበያተኛው ሁሉ ፊት ከቁርጭምጭሚቴ እስከ ጉልበቴ ዳበሱኝ። ሲቀመጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«ገብተህ ነበር?» አሉ። «እኔ አልገባም ያልኩት ጉድጓድ አንተ ገባህ? ልጄ፣ ቢቆርጥህስ? እናትህን ምን እላት ነበር? ያስገባሁህ እኔ ነኝ እኮ።»

አለቀስኩ። በእውነት አፈርኩ። ስማቸውን አጉድፌ፣ ሚስታቸውን ላስቀርባቸው ደርሼ፣ ሰውዬው የሚጨነቁት ለእኔ እግር ነበር።

ረቡዕ ኢንስፔክተሯ መጣች። ጸጉሯ አጭር፣ ወፍራም የሥራ ጫማ ያደረገች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። በምሳ ክፍሉ ጠረጴዛ ዙሪያ እሷ፣ ሃንሰን፣ ጋሼ ደምሴ፣ ዳግና እኔ ተቀመጥን። ማመልከቻዬን አወጣች።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እሱ ነው የነገረህ?»

«አይደለም። አያውቅም ነበር። ትናንት ነው ያወቀው።»

ሃንሰን ቀና አለ። «ምን ማለትህ ነው? ቤቴ በረንዳ ላይ ቆማችሁ አጥፍቷል አላላችሁኝም?»

«ብለናል።»

«ስለዚህ አጥፍቷል።»

«አላጠፋም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲሄድ አጥፍቷል ነው የሚለው። ያጠፋ ባይኖርም ነው። አንተን ለማክበር ነው።»

ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ልረዳህ። ሰውዬው ምንም ባያጠፋም፣ እናንተ ሄዳችሁ አጥፍቷል ትላላችሁ። ይህ እሱን የሚጠቅመው እንዴት ነው?»

አፌን ከፈትኩ። አዲስ አበባ ብሆን አሥር ምሳሌያዊ አነጋገር እደረድርላት ነበር። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ያች ወረቀት ፊቴ ተዘርግታ ነበር።

«ይህኛውን አልጠቀመውም» አልኩ።

«ሳህኑስ?»

«ሳህን የለም።»

«ዓርብ ዕለት በትክክል ምን አለ?»

ወደ ጋሼ ደምሴ ዞርኩ። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቃላቸውን ሳልቀንስ ሳልጨምር ተረጎምኩት። ቁልፉ ኪሴ ካልገባ ጉድጓድ አልገባም፤ ጓጉንቸር ይግዛ፣ አሁኑኑ እወርዳለሁ። ቀጥዬም፣ «እኔ ግን ዓርብ ዕለት ደክሞታል ብዬ ነው የተረጎምኩት» አልኩ። ሃንሰን እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ጓጉንቸር ብቻ መጠየቃቸውን የሰማው ያን ጊዜ ነበር።

ከዚያ ስለ ሰኞው ነገርኳት። ሃንሰን «አይደለም» አላለም። ዳግ ተነሥቶ ወጣና የሆነ ነገር በጨርቅ ይዞ ተመለሰ። ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ቀኝ ቦት ጫማዬ ነው። ተረከዙ የለም፣ ቆዳው እንደ ቅቅል ጎመን ተቦጫጭቋል። ከኦገሩ ውስጥ ያወጣው እሱ ነው፤ ሰው ይጠይቅ ይሆናል ብሎ አስቀምጦታል።

ኢንስፔክተሯ እኔን አየችኝ። «አልገባም ማለት እንደምትችል ታውቅ ነበር?»

ግድግዳውን አየሁ። የከርሊንጉን ፕሮግራም ዳግ አንሥቶታል፤ ማስታወቂያው ተገልጧል። ዘጠኝ ዓመት ሕግ በር ላይ ተቀምጬ የኖርኩ ሰው «አላውቅም ነበር» አልኩ።

በዚያው ቀን ኦገሩ ጓጉንቸር እስኪገዛ እንዲቆም አዘዘች፤ ጋሼ ደምሴም የቀሩበት ቀናት ደመወዝ ተከፍሏቸው ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ በጽሑፍ አዘዘች። ሃንሰን አልተሟገተም። ስትሄድ ወደ ጋሼ ደምሴ መጣና እጁን ዘረጋ። «ይቅርታ፣ ደምሴ» አለ። በረንዳ የለ፣ ሽማግሌ የለ። ጋሼ ደምሴ ጨበጡትና፣ «ጉድ። ናው ሌተር» አሉ። የሥራ ደብዳቤው ያንኑ ከሰዓት ተጻፈ። ሃንሰን ራሱ በታይፕ ጻፈው፤ እኔ ልርዳ ስል ሁለቱም በአንድ ጊዜ «ኖ!» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እዚያች ከተማ ለወር ያህል ነዳጅ ማደያው ላይ ሰላምታ ቀዘቀዘብን። በፖስታ ቤቱ በኩል የሰጋሁት ግን አልደረሰም። ሃንሰን እኔን እስከ ጸደይ በቅጡ አላናገረኝም፤ እውነት አለው፤ ኬኩን በልቼበታለሁ። አላባረረኝም ግን። አንድ ጠዋት ጉድጓዱ ሲዘጋ ጓጉንቸሩን አምጥቶ፣ ቁልፉን እጄ ላይ አኑሮ፣ ኪሴ እስከማስገባ ቆሞ ጠበቀኝ።

አንባብያን ሆይ፣ ሽምግልናን አትተዉ። እኔም አልተውኩትም፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ እስከ ዛሬ እሄዳለሁ። ነገር ግን ተበደልኩ ያለ ሰው ሲመጣባችሁ፣ ለእርቅ ከመጣደፋችሁ በፊት ምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አድምጡት። እኔ ሰላም ፈጠርኩ እያልኩ የሰውን እውነት ሸጬ ነበር፤ የሸጥኩትም እኔው ራሴ ፈርቼ ስለነበረ ነው። ፍርሃቴን ባህል ብዬ መጥራቴን ያወቅኩት ጫማዬ ብረት ውስጥ ከቀረ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በየትም ሥራ ቦታ ስገባ መጀመሪያ ግድግዳውን አነባለሁ፤ ሲያስፈልግም «አልገባም» እላለሁ።

እትዬ አስካለ በበጋው መጡ። ኤርፖርት የሄድነው በእኔ መኪና ነው። ጋሼ ደምሴ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር እየተነሡ፣ በመጨረሻ ባለቤታቸው ሲወጡ ደግሞ መነሣት አቅቷቸው ቁጭ ብለው ቀሩ። እትዬ አስካለ ራሳቸው መጥተው አቀፏቸው። ሁለቱም ሲያለቅሱ እኔ ጋሪውን ይዤ ግድግዳ ግድግዳውን አይ ነበር።

በኋላ እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ጠርገው ወደኔ ዞሩ። «መስፍን አንተ ነህ? ደምሴ በደብዳቤ ጽፎልኛል። በዚያ ነገር ጊዜ ጠበቃ ሆነህለታል አሉ።»

ጋሼ ደምሴ ሻንጣውን አንሥተው ጋሪው ላይ ጫኑ።

«ጠበቃስ ነበረ» አሉ። «ለኔ መቆም የጀመረው ግን ረቡዕ ነው።»